በሚሽሚሹ ሣጥን ላይ የለጠፍነው ቀን

አሚሻቭ በሚባለው ሰፈር ከምኖርበት ሕንፃ ሥር ያለው ባለሱቅ፣ ቱ ቢሽቫት የሚባለው የዛፎች አዲስ ዓመት በቀረበ ቁጥር የደረቀ ፍሬውን ከነሣጥኑ አውጥቶ በሩ ላይ ይደረድረዋል። ቴምሩ፣ በለሱ፣ ዘቢቡ፣ ከሁሉም ፊት ደግሞ ሚሽሚሽ የሚሉት ብርቱካንማ ፍሬ ተከምሮ ይታያል። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ አንድ ሁለት ይቀምሳል፤ ባለሱቁም አይቆጣም። እኔ መንገድ ተሻግሬ በዚያኛው ጠርዝ እሄዳለሁ። ሚስቴ ከባለሱቁ ጋር የተጣላሁ ይመስላት ነበር። አንድ ቀን ስትጠይቀኝ ጥርሴን ስለሚያመኝ ነው አልኳት። ጥርሴ ጤነኛ ነው። የሚያሻግረኝ ሽታው ነው። ሚሽሚሽ ሲደርቅ እንዳይጠቁር በድኝ ጢስ ይታጠናል፤ ስለዚህ ምንም ጣፋጭ ቢሆን ከሥሩ የተጫረ ክብሪት ሽታ አለው። ያ ሽታ አፍንጫዬ በገባ ቁጥር ሰባ ዓመት የሞላኝ ሽማግሌ መሆኔ ይቀርና የሠላሳ ስምንት ዓመቱን ጊዲን እሆናለሁ። ጊዲን ደግሞ አልወደውም።

እናቴ ያወጣችልኝ ስም ጌጡ ነው። ጊዲ ያሉኝ ኪርያት ማታሎን ውስጥ በነበረው የደረቀ ፍሬ ማሸጊያ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ መስታወት የለበሱ ቢሮዎች ነው የማየው። ያኔ ግን ጋራዥ፣ ከጋራዡ ቀጥሎ ሌላ ጋራዥ፣ ከዚያ የኛ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ማዕዘኑ ላይ ደግሞ አንድ ዓይኑ የማያይ ሽማግሌ የሚነግድባት ኪዮስክ ነበረች። ግማሽ ፋላፌል በሦስት ሼቄል ይሸጥ ነበር፤ ሰላጣውን እንደ ፈለግን እንድንጨምር ስለሚፈቅድልን አንዱ ግማሽ ለሁለት ሰው ምሳ ይበቃል። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ተጨናንቀን ቆመን ነበር የምንሄደው። የዜና ሰዓት ሲደርስ ሾፌሩ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ ያደርገዋል፣ ሰዉ ሁሉ ዝም ይላል፣ የተባለው የማይገባንም አብረን ዝም እንላለን። ወንዶቹ የሚያብረቀርቅ ሸሚዝና ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ሱሪ ነበር የምንለብሰው። ሴቶቹ በሻሻቸው ላይ ፋብሪካው የሰጣቸውን የፀጉር መረብ ይደርቡበታል፤ ነጠላውን ግን ማንም ሊያስጥላቸው አልቻለም፣ በሰማያዊው የሥራ ካፖርት ላይ አጣፍተው ነው የሚቆሙት። ከቴላቪቭ አውቶቡስ ጣቢያ የተገዛ፣ ከስንት እጅ ወደ ስንት እጅ የተቀዳ አንድ ካሴት ነበረን። ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ነበር የሚመስለው፤ ቢሆንም ማሽኑ በቆመ ቁጥር እንከፍተዋለን፣ የሞሮኮዎቹ ሴቶች ሳይቀሩ ትከሻቸውን መነቅነቅ ለምደው ነበር።

ሥራው ለቀማ ነው። ረዥም ጠረጴዛ አለ፣ ላዩ ነጭ መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር መብራት። ፍሬው በላዩ ይፈስሳል፤ ሴቶቹ በግራና በቀኝ ቆመው የጠቆረውን፣ ትል የገባበትን፣ ጠጠሩን ይለቅማሉ። በለስ ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱን በጣት ከፍቶ ማየት ግድ ነው፤ ትል መብላት በሃይማኖቱ ክልክል ስለሆነ ተቆጣጣሪው ረቢ በዚህ ቀልድ አያውቅም። ከየአገሩ የመጣ ሴት ነበር፤ ነገር ግን ምስርና ጤፍ ስትለቅም ያደገችን ሴት የሚያህል አልተገኘም። ከሁሉም ደግሞ እትዬ አዛለች ይበልጡ ነበር። ያኔ ሃምሳ ገደማ ነበሩ፣ ባላቸው አገር ቤት ሳሉ የሞቱባቸው፣ አንዲት ልጃቸውን አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብተው ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት። ጠጠሩን በጣታቸው ነው የሚያውቁት፣ ዓይናቸው ሌላ ቦታ እያየ እጃቸው ይለቅማል። ሌላም ነገር ነበራቸው። አገር ቤት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የመጣ ጊዜ ፊደሉ አስቸግሯቸው ቁጥሩን ግን ከሰፈሩ ሴት ሁሉ ቀድመው ይዘውታል። አንድ ጊዜ ያዩት ቁጥር አይጠፋቸውም። ሴቶቹ የልጆቻቸውን የልደት ቀን በመንግሥት ወረቀት ላይ ሲያስሞሉ፣ በእኛ ዘመን አቆጣጠር የነበረውን ወደ ፈረንጁ የሚመልሱላቸው እሳቸው ነበሩ። ጣታቸውን ቆጠር ቆጠር አድርገው ይነግሯቸዋል፤ ተሳስተው አያውቁም። ይህን እኔም አውቅ ነበር፤ የሁለተኛውን ልጄን ቀን ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው።

እኔ የፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ፣ በእነሱ አጠራር አሕራይ። ከእነሱ ዘጠኝ ዓመት ቀድሜ ስለመጣሁ ዕብራይስጡ ነበረኝ፤ በደረት ኪሴ ሁለት እስክሪብቶ፣ በቀበቶዬ የመጋዘን ቁልፍ አንጠልጥዬ እንጎራደድ ነበር። ሩቤን የሚባለው ባለቤቱ ከሴቶቹ ጋር የሚነጋገረው በእኔ አፍ ነው፤ ሴቶቹም ከእሱ ጋር በእኔ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሰው ወልዶ እንደሆነ ኬክ ይዞ ይመጣል፣ የሞተበት ካለ ሐዘን ቤት ድረስ ይሄዳል። እኔም ክፉ አልነበርኩም ማለት ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ በሁለት ወገን መካከል ቆሜ የሁለቱንም ቃል የማውቅ እኔ ብቻ መሆኔ እንደ ጠጅ ነበር የሚያሰክረኝ። ሴቶቹ «ጌጡ ይኸን ንገርልን» ሲሉኝ ቀና እላለሁ፤ ሩቤን «ጊዲ፣ ምን ይላሉ?» ሲለኝ ደግሞ ይበልጥ ቀና እላለሁ።

በዚያ ዓመት መንግሥት በደረቅ ፍሬ ላይ አዲስ መመሪያ አወጣ። ከውጭ የሚገባው ሁሉ ከወደብ ሳይወጣ ለድኙ መጠንና ለትሉ ይመረመራል፤ በየሣጥኑም ላይ እስከ መቼ ድረስ መበላት እንዳለበት ቀኑ በዕብራይስጥ ይጻፋል ተባለ። መመሪያው መጥፎ አልነበረም፤ ዛሬ የልጅ ልጆቼ የሚበሉትን ሳይ እንኳን ወጣ እላለሁ። ችግሩ የወጣበት ሰሞን ነው። ዓመቱን ሙሉ ሚሽሚሽ ትዝ የማይለው ሕዝብ በቱ ቢሽቫት ዋዜማ በአንድ ጊዜ ይፈልገዋል። መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ምኩራቡ፣ የጦር ሰፈሩ፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ሁሉም ለየሰዉ በትንሽ ከረጢት ማደል አለበት። ሱፐርማርኬቶቹ ቀን በቀን ይደውላሉ፣ ዋጋው ይጨምራል፣ ያም ሆኖ የሚገዛው አይቀንስም። የኛ ሚሽሚሽ ደግሞ መርከቡ ሃይፋ ደርሶ ምርመራ ይጠብቃል። ሩቤን በየጠዋቱ ወደቡ ይደውላል፤ ገና ነው ይሉታል፣ እሱም ስልኩን አስቀምጦ ወደ እኔ ያያል። ጠረጴዛው ላይ የሚፈስ ነገር ስላልነበረ ሴቶቹ ሣጥን ሲጠርጉ ይውሉ ነበር፤ አንዳንዶቹም ሥራው ከጠፋ እኛን ያባርሩናል እያሉ መፍራት ጀመሩ።

ከጓሮ መጋዘን ውስጥ ከአምናው የተረፈ ሚሽሚሽ ነበር፤ ቀኑ ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ሩቤን ወደ ቢሮው ጠራኝ። አዘዘኝ ብዬ ብናገር ይቀለኝ ነበር፤ አላዘዘኝም። ሁለት ወር ምን አላት አለኝ፣ አገራችሁ የደረቀ ነገር በቀን ነው እንዴ የምትበሉት አለኝ፣ ገበያው ከተበላሸብን ለሴቶቹም ሥራ የለም አለኝ። የመጨረሻው እውነት ነበር፤ እኔ ግን ተሽቀዳድሜ እሺ ያልኩት ለሴቶቹ ብዬ አይደለም። ሌላውን እንዳልሰማ የምታደርገኝ አንዲት ነገር ነበረች፦ ያለ አንተ አይሆንም ማለቱ። ዓርብ ጠዋት አዲስ ቀን የታተመበትን ወረቀት በጥቅል በጥቅሉ አመጣሁና በአሮጌው ቀን ላይ እንዲለጥፉት ለሴቶቹ ሰጠኋቸው። ማሽኑ ተሳስቶ ነው ያተመው፣ እናርመዋለን አልኳቸው። ሥራ በመገኘቱ ደስ ብሏቸው ካሴቱን ከፍተው ይለጥፉ ጀመር።

እትዬ አዛለች ግን ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሣጥን ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። በጥፍራቸው የወረቀቱን ጫፍ ገለጥ አድርገው አዩና ጠሩኝ።

«ጌጡ፣ ከሥሩ ያለው ቀን እኮ ያለፈ ነው።»

«ነገርኳችሁ እኮ፣ ማሽኑ ነው የተሳሳተው።»

«ሁሉንም ሣጥን አንድ ዓይነት ነው የሚሳሳት?»

ሁለተኛውን ውሸት ጨመርኩ፤ እውነቱን ልንገርዎ፣ መንግሥት ሁለት ወር ጨምሮልናል፣ ሴቶቹ እንዳይደናገጡ ብዬ ነው አልኳቸው። እሳቸውም «መንግሥት ካለ በሰደር፣ እሺ» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ወደዚህች አገር አምጥቶ ያኖራቸውን መንግሥት ይጠራጠራሉ ማለት ዘበት ነው፤ የመንግሥት ቃል ደግሞ የሚደርሳቸው በእኔ አፍ ነበር። ያም ሆኖ የኮመጠጠ የሚሸተውን ሣጥን እየለዩ ግድግዳው ሥር አኖሩት። ሲመሽ ያንንም ራሴ አንስቼ ከሌላው ቀላቀልኩት።

ማክሰኞ ቀን የጤና ተቆጣጣሪው ሳይታሰብ መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ራሰ በራ፣ ቦርሳውን ብብቱ ሥር የሸጎጠ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። በሣጥኖቹ መካከል እየተዘዋወረ ሲያይ አንዱ ላይ ጫፉ የተነሳ ወረቀት አገኘ፣ ሳብ አደረገው፣ ከሥሩ ያለውን አነበበ። ከዚያ ሌላውን ሳበ፣ ሌላውንም። ይህን ማን ነው የለጠፈው ብሎ ጠየቀ። ሩቤን ፊቱ አመድ መሰለ። ሴቶቹ ጥያቄው ባይገባቸውም ጣቱ የጠቆመበትን አይተዋል፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የቁልፉን ቀለበት በእጄ ይዤ ቆሜአለሁ። ያን ጊዜ እትዬ አዛለች ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሰው ሹም ፊት እንደሚቆመው እጃቸውን አጣምረው ወደ ፊት ወጡ።

«ጌጡ፣ ንገርልኝ። የለጠፍነው እኛ ነን። ከሥሩ ያለው ቀን አልፏል፤ መንግሥት ጨምሯል ተብለን ነው የለጠፍነው። ጨምሮ እንደሆነ፣ አልጨመረ እንደሆነ እሱን ጠይቅልኝ።»

ተቆጣጣሪው ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። ሩቤን አየኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ቅጽበት ስንት ጊዜ እንደመለስኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ረዥም ጊዜ ያሰብኩበት ይመስለኛል፤ ነገር ግን አላሰብኩም፣ ቃሉ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ይመስል ከአፌ ወጣ። በዕብራይስጥ አንቱ የለም፤ «እሷ» እያልኩ ነው የተናገርኩት። ቀኑ ተምታታባት አልኩት። በእኛ አገር ዘመኑ ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው፣ አሁን ስንተኛው ዓመት እንደሆነ አታውቅም፣ በራሷ ነው የለጠፈችው አልኩት። ሰውዬው መጀመሪያ አፍጥጦ አየኝ፤ ቀጥሎ ሳቀ። እንዲህ ከሆነ እናንተ ዘንድ ብመጣ ፀጉሬ ይመለስልኛል አለ። ሩቤን ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እትዬ አዛለች እጃቸውን እንዳጣመሩ በየተራ አዩን፤ ምን አለ አሉኝ። ይጣራል ብሏል አልኳቸው። እሳቸውም ጥሩ ነው አሉ።

ተቆጣጣሪው ሚሽሚሹ እንዲወገድ አዘዘ፣ ፋብሪካው ሠራተኞቹን በደንብ እንዲያስተምር ማስጠንቀቂያ ጻፈ፣ በዚሁ አለቀ። መርከቡም በማግሥቱ ተለቀቀና በዓሉ ሳያልፍ ደረሰልን። እትዬ አዛለች ሐሙስ ቀን ደብዳቤ ተሰጣቸው። ማንበብ ስለማይችሉ አጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት፣ ካፖርቱን አውልቀው በሥርዓት አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ ሴቶቹን አንድ በአንድ ተሰናበቱ፣ እኔንም ደህና ሁን ብለውኝ ወጡ። ሴቶቹ እውነቱን ያውቁት ነበር ወይ? አንዳንዶቹ ያውቁ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ካሴቱን እኔ ስገባ ያጠፉት ነበር። ሩቤን በተከታዩ ወር ከውጭ አገር ሲመለስ ጥቁር የቆዳ ጃኬት አመጣልኝ። በልኬ ነበር፣ ሽታው አዲስ፣ ዚፑ የሚያበራ፤ አሚሻቭ ውስጥ እንዲህ ያለ ጃኬት የለበሰ ሰው አልነበረም። በሰርግም፣ በሐዘንም፣ በሙቀትም ለበስኩት። ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ የእኔ ቀልድ የሁሉም ቀልድ ሆነ፤ የዘገየ ሰው ሲመጣ «አንተም ስምንት ዓመት ወደኋላ ነህ?» ይሉታል፣ እኔም ጃኬቴን እንደለበስኩ እስቃለሁ።

ይህን ሁሉ ብናገርም ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ገና አልተነገረም። ደብዳቤው በተሰጣቸው በሁለተኛው ሳምንት ልጃቸው ዘሃቫ መጣች። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ አገር ቤት ወርቅነሽ ነበር ስሟ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው የለወጡላት። የትምህርት ቤቷን ሸሚዝ እንደለበሰች በምሳ ሰዓት ኪዮስኩ ማዕዘን ላይ ጠበቀችኝ። አማርኛዋ ጠፍቶ ነበር፤ በዕብራይስጥ ነው የጠየቀችኝ። ደብዳቤውን ለእናቷ ያነበበችላቸው እሷ ናት፤ ሠራተኛዋ ቀን አምታታች ይላል፣ እውነት ነው ወይ አለችኝ። ስትጠይቀኝ ዓይኔን አትኩራ ነው ያየችው። ለልጅቱ ጋዞዝ ገዛሁላት። እውነት ነው አልኳት፣ አይዞሽ፣ ትልልቅ ሰዎች ላይ ይደርሳል፣ እናትሽን አትቆጪያት አልኳት። አመሰገነችኝና ጠርሙሱን ሳትጨርስ ወደ አውቶቡሱ ሄደች። እኔ የቀረውን ጠጣሁት።

ዓመታቱ እንዲሁ አለፉ። እትዬ አዛለች ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ የሕንፃ ደረጃ ሲያጥቡ ኖሩ። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሩቤን ሞተ፣ ጃኬቱ ክርኑ ላይ ተላጠና ለማላውቀው ሰው ሰጠሁት። ከእትዬ አዛለች ጋር ሰርግ ላይ፣ ሐዘን ላይ፣ ሲግድ በሚባለው በዓላችን ላይ እንገናኛለን። እሳቸው ትከሻዬን ስመው ልጆቼን በስም በስማቸው እየጠሩ ይጠይቁኛል፣ ስለዚያ ነገር አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም። ስለዚህ አያውቁም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ዕብራይስጥ አይችሉ፣ ምን እንዳልኩ በምን ያውቃሉ? በዚህ ሐሳብ ስንት ሌሊት እንደተኛሁ ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል።

ባለፈው ሳምንት ለደም ግፊቴ ወደ ኩፓት ሆሊም ሄድኩ፣ ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ነው። ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ እትዬ አዛለች በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ገቡ። ሰማንያ ሁለት ሆኗቸዋል፣ ወገባቸው ጎብጧል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ተነሥቼ ቦታዬን ለቀቅሁላቸው። ዘሃቫ ዛሬ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለባት፣ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ ትልቅ ሴት ናት። ወደ ጎን ወሰድ አድርጋኝ በዕብራይስጥ አጫወተችኝ። እናቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ አምስት ዓይነት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ቀን ከቀን እንዳይደባልቁት ትፈራለች። ዛሬ ነርሷ ትፈትናቸዋለች፤ ካላለፉ የአረጋውያን መኖሪያ ይገባሉ። እሳቸው ከቤቴ ሞቼ ነው የምወጣው ብለዋል።

«ምን ላድርግ ጊዲ?» አለችኝ፤ እናቷን ኢማ ነው የምትላቸው። «ኢማ ቀን የሚባል ነገር ድሮም አታውቅም። ከፋብሪካው ያስወጧት በዚያ አይደል? አንተም እዚያ ነበርክ እኮ።»

ይህን ስትል ፈገግ ብላ ነበር፤ በፍቅር ነው ያለችው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ የወጣሁ ይመስለኝ ነበር። ለካ ያቺ ዓረፍተ ነገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ውስጥ ኖራለች፣ የእናትየውን ደብዳቤ ሁሉ ልጅቱ እንድታነብ፣ ቀጠሮውን ሁሉ ልጅቱ እንድትይዝ፣ አሁን ደግሞ ቤታቸውን እንድታስለቅቃቸው አድርጋለች። አዎ ነበርኩ አልኳት።

ነርሷ ጠራቻቸው። በስልክ የሚያስተረጉመው ሰው አልተገኘም፤ ልጅ ለእናቷ መተርጎም ደግሞ አይፈቀድም፣ የዘሃቫም አማርኛ ከወጥ ቤት አያልፍም። ዘሃቫ ወደ እኔ ጠቆመች። ወረፋዬ ደርሷል ልል አፌን ስከፍት እትዬ አዛለች ቀደሙኝ። «ይግባ፣ እሱ ያውቅበታል» አሉ።

ነርሷ ወጣት፣ ትሑት ናት። ዛሬ ቀኑ ማን ነው፣ ወሩስ፣ ያለንበት ከተማ፣ ስንተኛው ፎቅ ላይ ነን እያለች ትጠይቃለች፤ እኔ እተረጉማለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ ነርሷ ወረቀቱ ላይ ምልክት ታደርጋለች። አንዱንም አልሳቱም። ከዚያ ዓመተ ምሕረቱን ጠየቀች። እትዬ አዛለች ሳይመልሱ ዘሃቫ ቀድማ ለነርሷ በዕብራይስጥ ነገረቻት፦ ይኸን አትቁጠሪባት፣ በእነሱ ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው፣ ሁልጊዜም ይምታታባታል። እትዬ አዛለች እጃቸውን አንስተው ልጃቸውን አስቆሟት። በእኛ ስንት እንደሆነ ተናገሩ፣ በፈረንጁም ተናገሩ፣ የአይሁዱንም ጨመሩ። ሦስቱም ልክ ነበሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከመስከረም እስከ ፈረንጁ ዓመት መለወጫ ልዩነቱ ሰባት ነው። ከዚያ ወዲህ ስምንት። አሁን የቱ ቢሽቫት ሰሞን ነው፣ ስለዚህ ስምንት። ያኔም ስምንት ነበር፣ ጌጡ። ስምንቱን ልክ ብለሃል። ሚትባልበሌት ያልከው ነው ውሸቱ።»

እሳቸው ቁጣ በሌለበት ድምፅ ቀጠሉ። ስምንትን በኡልፓን፣ በቋንቋ ትምህርቱ፣ ተምረውት ስለነበር ስናገር ሰምተውኛል፤ ሚትባልበሌትን ግን አያውቁትም ነበር። እንዳይጠፋባቸው እስከ ቤታቸው ድረስ በአፋቸው እየደጋገሙት ሄደው ጎረቤት ጠየቁ። ተምታታባት ማለት ነው አለቻቸው። በዚያው ምሽት አወቁ።

ነርሷ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። ዘሃቫም ታየኛለች፤ እናቷ ፈጥነው ስለተናገሩ ከቁጥሮቹና ከዚያች አንዲት የዕብራይስጥ ቃል በቀር የያዘችው የለም። ዓመቱን በትክክል መልሳለች ብል ነርሷ ምልክቷን ታደርጋለች፣ እሳቸውም ቤታቸው ይቀራሉ፣ ሁላችንም በሰላም እንወጣለን። አልዋሽም፣ ሰባ ዓመት ሆኖኝም ያቺ ሐሳብ መጣችብኝ። መምጣት ብቻ አይደለም፣ አፌ ላይ ደረሰች። ግን እትዬ አዛለች እያዩኝ ነበር፤ አሁን የምለውን ይሰማሉ፣ ቃል በቃል ባይሆንም ይሰማሉ።

ሁሉንም ተረጎምኩ። ከዚያ እሳቸው ያላሉትን ከራሴ ጨመርኩ፤ ወረቀቱን ያመጣሁት እኔ እንደሆንኩ፣ መንግሥት ጨምሯል ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ለተቆጣጣሪው ምን እንዳልኩት፣ እንደሳቅሁ። ዘሃቫን ዓይኗን ማየት ስላቃተኝ ቦርሳዋን እያየሁ፣ ኪዮስኩ ጥግ ለጠየቅሽኝም ዋሸሁሽ አልኳት። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ዘሃቫ ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ወንበሯን ወደ እናቷ አዞረችና በዚያ በልጅነቷ በቀረ አማርኛ ተናገረች።

«ኢማ፣ ለምን ለእኔ አልነገርሽም?»

«ነግሬሻለሁ» አሉ እትዬ አዛለች። «ደብዳቤውን ያነበብሽልኝ ዕለት ቁጭ አድርጌ ነገርኩሽ። አንቺ አማርኛው አልዘልቅ አለሽ፣ እኔ ዕብራይስጡ የለኝ። ለልጅ እንኳ አይዋሽም ብዬ ነው ወደ ጌጡ የላክሁሽ።»

ዘሃቫ ግማሹ አልገባትም። ወደ እኔ ዞረችና ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ።

አንድም ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩላት።